እንዶድ የተሸነፈበት ቀን

አባቴ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሳሙና ይሸጥ ነበር፤ የቤታችን ልብስ ግን የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ይስቅበታልም። ሱቁ ውስጥ ደረቁ ሳሙና በካርቶን ተቆልሎ፣ ዱቄቱ በትንንሽ ፌስታል ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ ፈሳሹ በጠርሙስ ተደርድሮ ሳለ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢያችን እናቴ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ትወቅጣለች። አባቴ ዓብዱረሕማን ደንበኛ ፊት ሲቆም ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ዱቄቱ ቅባት እንዴት እንደሚያስለቅቅ፣ ደረቁ እንዴት እንደሚበረክት፣ የቱ ለነጭ የቱ ለባለቀለም እንደሚሆን ይዘረዝራል። በዚህ መሀል ከጓሮ የሙቀጫው ድምፅ ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርግና ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

«አንቺ ሴት፣ ገበያዬን ልትዘጊው ነው?» ይላታል ወደ ውስጥ ሲገባ።

«ሳሙናህን ለሰው ሽጥ። የእኔ ነጠላ እንዶድ ለምዷል» ትለዋለች እናቴ ሀሚዳ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የእንዶድ ወገን ነበርኩ። ምክንያቴ ዓሲያ ናት። ዓሲያ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እኛው ጋ ነበር የምትኖረው። «አክስቴ» ካልኳት ትቆጣለች፤ «ዓሲዬ» ካልኳት እሽኮኮ ታደርገኛለች። የቤቱን ልብስ የምታጥበው እሷ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብሱን በሳፋ ይዘን ወደ ወንዙ እንወርዳለን። የተወቀጠውን እንዶድ ውኃው ላይ በትና በእጇ ስትመታው አረፋው እየነጣ ይነሳል። ከዚያ ገለባ አረፋው ውስጥ ነክራ ትነፋልኛለች፤ አረፋው ድቡልቡል ብሎ ወደ ማዶ ሲሻገር እኔ እየጮህኩ እከተለዋለሁ። የሱቃችን ዱቄትም አረፋ ያወጣል እኮ ስላት፣ «ያኛው የነጋዴ አረፋ ነው፣ ቶሎ ይከዳሻል» ትለኝ ነበር፣ አባቴን ለማብሸቅ። እኔ ግን የምሯን መስሎኝ አመንኳት።

ይህ የሳሙና ውድድር ታሪክ ነው። ቢያንስ እኔ እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ የማውቀው እንደዚያ ብዬ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ ራሷ ዓሲያ ናት። ልጻፈው ስላትም «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ለውጪው» አለችኝ። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ስማችን ተለውጧል፤ ሀናን የተባልኩት እኔም ሀናን አይደለሁም። አባቴ ያነበዋል ብዬ አልሰጋም፤ እሱ ካርቶን ላይ ከተጻፈው በቀር ሌላ ነገር አያነብም።

በዚያ ዓመት ዓሲያ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ሰላሕ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። ከረመዳን በኋላ ኒካሕ ይታሰራል ተብሎ በሽማግሌ አልቋል። እሱ ግን ለድግሱ የሚሆን ይዤ ልምጣ ብሎ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ባሕር በላው የሚል አለ፣ የመን ታስሯል የሚል አለ፣ እዚያው አግብቷል የሚልም አልጠፋም። ይህን ሁሉ ትልልቆቹ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። እኔ የማውቀው ዓሲያ አረፋ መንፋት ማቆሟን ብቻ ነው። ወንዝ ስንወርድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች፤ አንዳንዴ ልብሱን ትታ ቋጥኝ ላይ ቁጭ ትላለች። ሁለት ቀን ሲያስመልሳት አይቻለሁ። ለእናቴ ልናገር ስል «የበላሁት ነው፣ ተዪ» አለችኝ፤ እኔም ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው ባዶ ነበር። ሙቀጫው በጎኑ ወድቋል፤ አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ ተንከባሎ፣ አፈሩ ላይ ነጭ አረፋ ደርቋል። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ወልዲያ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ደጃፉ ላይ ጎረቤታችን አምሳለ ቁጭ ብላለች። አምሳለ ወሬ የማያመልጣት ሴት ናት፤ አንድ ቤት ድስት ሲወድቅ ምን ወጥ እንደነበረበት ታውቃለች።

«ዓሲያን ወባ ጥሏት እናትሽ ሐኪም ቤት ይዛት ሄዳለች» አለችኝ። «ወባ ነው አሉ።»

«ከየት አመጣችው?»

«ባለፈው ቆላ ዝቋላ ሠርግ ወርዳ የለ? ከዚያ ይሆናል እንግዲህ።» እንዲህ እያለች ዓይኗ ሙቀጫው ላይ ነበር።

ወባ አልነበረም። ዓሲያ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች፤ የጠጣችው ሙቀጫው ውስጥ የነበረውን እንዶድ ነው። በእኛ አገር እንዶድ የልብስ ማጠቢያ ብቻ እንዳልሆነ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። ጨንቋቸው የጠጡ፣ ጠጥተውም ያልተነሱ ልጃገረዶች በየመንደሩ አሉ፤ ስማቸው ጮክ ተብሎ አይነሳም እንጂ። እናቴ ጓሮ ብቅ ባትል ኖሮ ዓሲያም ከነሱ አንዷ ትሆን ነበር። ሱቃችን በር ላይ ዕቃ ያራግፍ የነበረ መኪና ላይ ራሷ ተሸክማ ጭናት፣ ለሾፌሩም ለጎረቤቱም «ወባ ነው» አለች። ዓሲያ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አድራ ተረፈች፤ ፅንሱም አልወረደም። እናቴን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሳት ሁለተኛ እንዳትሞክረው ነው።

ከሐኪም ቤት ስትመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ወጥ ቢሠራላት፣ አጥሚት ቢቀርብላት፣ ምንም አትነካም። በግድ ሁለት ማንኪያ ነው የምትውጠው። እናቴ እኔን አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ከዚህ እንዳትነቃነቂ። ከተነሳች ሮጠሽ ጥሪኝ። የምትጠጣው ካማራት የማመጣላት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምንም አትስጫት። ገባሽ?»

ገባኝ አልኳት። እንዲህ ያለ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። ትምህርት ቤት ከመሄድ ስቀር ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። የሞት ዘበኛ ሆኜ እንደተቀመጥኩ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ቤቱ ውስጥ ያለውን እንዶድ ሁሉ ሰብስባ በጆንያ ከተተችው። ጓዳ ያለውን፣ ጣሪያ ሥር የተሰጣውን፣ ወንበር ሥር የወደቀችውን አንዲት ፍሬ ሳይቀር በጉልበቷ ተንበርክካ ለቀመች። አባቴ ከወልዲያ ገብቶ ይህን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ከዛሬ ጀምሮ እንዶድ ቤቴ አይገባም» አለችው። «ከሱቅህ የተሻለውን ምረጥና አምጣልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። «ይህን ቀን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር።» ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ነጋዴ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ ለምን መጣህ አይልም።

እኔ ግን አንጀቴ እርር አለ። ዓሲያ ታማ ተኝታ እንዶዷን ይጥሉባታል? በኋላ ሳስበው ደግሞ ነገሩ የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ዓሲያ የታመመችው ለካ በእንዶድ ስለተጣሉባት ነው። የአባቴ ሳሙና አሸንፎ እሷ ተከፍታ ነው። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቷም ይታወቃል ማለት ነው። እናቴ ዞር ስትል ከጆንያው ሁለት እፍኝ እንዶድ ዘገንኩ፣ በሻሼ ቋጠርኩት፣ ሱቅ ውስጥ ባዶ የዱቄት ሳሙና ካርቶን ሥር ደበቅሁት። እንዶድን ሳሙና ቤት የሚፈልገው የለም ብዬ በራሴ ብልጠት ተደነቅሁ።

ጣጣው የመጣው ከእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የቄስ ገብረ አምላክ ሚስት ናቸው፤ ቤታችን ከቤታቸው በአጥር ነው የሚለየው። እንዶዱን ከትውልድ መንደራቸው ከፃግብጂ እያስመጡ ለእናቴ የሚያካፍሏት እሳቸው ናቸው። የዚያን ወር ድርሻችንን በስልቻ ይዘው ሲመጡ እናቴ አልቀበልም አለች።

«ምነው ሀሚዳ፣ ቅር ያሰኘሁሽ ነገር አለ?»

«ኧረ አንቱ እንዴት ያስቀይሙኛል? ዱቄቱ ይሻላል ብለን ነው።»

«ይሻላል?» እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ስልቻውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «የቄሱ ጥምጥም ሠላሳ ዓመት በእንዶድ ነው የታጠበው። በጥምቀት ታቦት ሲያጅቡ የእሳቸውን ጥምጥም ከሩቅ ለይቶ የማያውቅ አለ? ዱቄታችሁ እጅ ይልጣል፣ ቀለም ይበላል፣ ለማለቅለቅ ብቻ አንድ ጀሪካን ውኃ ይጠጣል። ይህ በተራ ውኃ የሚቀዳበት አገር ነው፤ ምን ሆነሻል?»

አምሳለም ነበረች፤ መቼ ቀርታ ታውቃለች። «እውነት ሀሚዳ፣ ስንት ዓመት የለመዳችሁትን ድንገት ምን አስጠላችሁ?» አለች፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል እያየች። «ያውም ልጅቷ ታማ በተኛችበት ሰሞን።»

ያን ጊዜ የእናቴ ፊት ምን እንደመሰለ አስታውሳለሁ። የተናደደች መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ፍርሃት ነው። እንዶድ ድንገት ከቤት ሲወጣ፣ ልጃገረድም በዚያው ሳምንት ስትተኛ፣ ሁለቱን መግጠም ለአምሳለ ከባድ አልነበረም። ወሬው ከደጃችን ቢወጣ እስከ አምደወርቅ ከተማ ለመድረስ አንድ ገበያ ይበቃዋል፤ ዓሲያም ዳግመኛ ከዚያ አልጋ የምትነሳበት ምክንያት አይኖራትም። ስለዚህ ሁሉም የሚያምነው ምክንያት ያስፈልግ ነበር።

«እንግዲያስ በዓይናችን እንየው» አለች እናቴ። «አጥበን እናነጻጽር። ዳኛዋም አንቱ ይሁኑ።»

«ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ እጄን ውኃ አላስነካም» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ። «ነገ ይሁን።»

እናቴን ለማታውቋት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አትዋሽም። አባቴ ከሱቅ ሲወጣ ሚዛኑን የምትይዘው እሷ ናት፤ የመንደር ሰው እሷ መኖሯን አጣርቶ ነው የሚገባው። አንዴ ለአንድ ገበሬ ስኳር አሳስታ አጉድላ ብትመዝንለት፣ የጎደለውን በወረቀት ጠቅልላ እስከ ከተማው መውጫ በእግሯ ተከትላዋለች። አባቴ እንኳ ደንበኛ ሲያግባባ «እሷን አትጠይቋት፣ እውነቱን ትነግራችኋለች» እያለ ይቀልድ ነበር። ስለዚህ እኔ ውድድሩ ሲባል አልሰጋሁም። እናቴ ካለችበት ፍርድ አይጓደልም፤ እንዶዱም ያሸንፋል፣ ዓሲያም ትነሳለች አልኩ።

በማግስቱ ጧት ሴቶቹ ሳይመጡ በፊት ውኃ ልጠጣ ጓዳ ስገባ እናቴ ጎኗን ሰጥታኝ ቁማለች። ነጭ አቡጀዲ አራት ቦታ ቀድዳ፣ ጫፋቸውን በቋጠሮ ለይታቸዋለች፤ ባለ አንዱ የደረቅ ሳሙና፣ ባለ ሁለቱ የዱቄት፣ ባለ ሦስቱ የፈሳሽ፣ ባለ አራቱ የእንዶድ እንደሚሆን ቀድማ ነግራናለች። አሁን ባለ አራት ቋጠሮውን ይዛለች። ከቅሉ ቅቤ በጣቷ አውጥታ ጨርቁ ላይ አሸችው፣ በመዳፏ እያሞቀች እስኪሰርግ ድረስ አሸችው። ከዚያ ሁሉንም እኩል ቀይ አፈርና የወጥ ዘይት ቀባቻቸው። ስትጨርስ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እያለቀሰች ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች እንዳልነበር አይቻለሁ፤ ግን ስምንት ዓመት ልጅ ነኝና ያየሁት ቅቤውን ብቻ ነው።

አራት ሳፋ ተደረደረ። አባቴ ሱቁን ትቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያስተምራል።

«ደረቁ ለአንገትጌና ለእጅጌ ነው፤ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ታሽበታለሽ። ፈሳሹ ለሕፃን ልብስና ለሱፍ ነው፣ እጅ አይጎዳም። ዱቄቱ ደግሞ ቀድሞ ውኃው ውስጥ ይሟሟ፣ ከዚያ ዘፍዝፈሽ ጥለሽው ወደ ሥራሽ ነው። አረፋ ስለበዛ ጸዳ ማለት አይደለም፤ ብዙ የሚጨምር ሰው ልብሱን ሳይሆን ውኃውን ነው የሚያጥበው።»

«እንዲህ የምታውቅ ከሆንክ ለምን አንተ አታጥብም?» አሉት እማማ ወለተ ጊዮርጊስ። አምሳለ ሳቀች፤ አባቴ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

እናቴ ሦስቱን ጨርቆች በጉልበቷ አሸች። ከእማማ ስልቻ የዘገነችውን እንዶድ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሁን ወቅጣ አሁን በተነችው፤ መጥኖ እንኳ አልራሰም። ጨርቁንም ሁለቴ አገላብጣ አወጣችው። ገመድ ላይ ሲሰጡ የዱቄቱ ነጣ፣ የፈሳሹና የደረቁ ደህና ናቸው፣ የእንዶዱ ግን ቡናማ እድፍ ይዞ ቀረ።

«ሁሉንም እኩል ነው ያቆሸሽኩት» አለች እናቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ባለ አራት ቋጠሮውን ከገመዱ አወረዱ። ወደ ፀሐይ አነሱት፣ በጣታቸው ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንድ ጊዜ እናቴን አዩ። ከዚያ ዓሲያ የተኛችበትን ክፍል መስኮት አዩ። ጨርቁንም አጣጥፈው በክንዳቸው ያዙት።

«ዱቄቱ ነው» አሉ። «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው።»

ከዚያ ለእናቴ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኸምጣንጋ፣ አንድ ነገር አሏት፤ እናቴም በአንድ ቃል መለሰች። እኔ ያኔ ኸምጣንጋ አልሰማም፤ እርግማን መስሎኝ ነበር፣ እንኳን ረገሟት አልኩ። ከዓመታት በኋላ እናቴን ስጠይቃት የነገረችኝ ሌላ ነው። «ልጅቷ እህል ቀመሰች ወይ?» ነበር ያሏት። «አልቀመሰችም» ብላ መለሰችላቸው።

እኔ ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። ሱቅ ገብቼ ቋጠሮዬን ከካርቶኑ ሥር አወጣሁ፣ በቀሚሴ ሸፍኜ ዓሲያ ጋ ገባሁ። ፊቷ እንደተለመደው ወደ ግድግዳው ነው። ዘጠነኛ ቀኗ ነበር።

«ዓሲዬ፣ ደብቄልሻለሁ» ብዬ ሻሹን እጇ ላይ አስቀመጥኩት። «ሁሉን አልጣሉትም። ስትድኚ ወንዝ እንወርድበታለን።»

ሳትዞር በጣቶቿ ዳበሰችው። ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ጣቶቿ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቋጠሮውን ጨበጡት።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

ሻሹን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ጎበዝ» አለችኝ በመጨረሻ። «ውኃ አምጪልኝ። በትልቁ ኩባያ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ሁለቴ ሰርዤ ነው። ያን ቀን ግን ጮቤ ረገጥኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም ያልጠየቀች ዓሲያ ውኃ ጠየቀችኝ። መድኃኒቴ ሠራ አልኩ። የእናቴን ትእዛዝ አልረሳሁትም፤ ግን እናቴ ዛሬ አጭበርባሪ መሆኗን አይቻለሁና የአጭበርባሪ ትእዛዝ አላከብርም ብዬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ንዴቴ አላስቻለኝም።

«እንዶዱ እኮ በእውነት አልተሸነፈም» አልኳት። «እማዬ አጭበርብራ ነው።»

«ማን?»

«እማዬ። የእንዶዱን ጨርቅ ብቻ ቅቤ ቀባችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ ሁሉንም እኩል ነው ያቆሸሽኩት አለች። ዋሸች።»

ዓሲያ ዞረች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀርባዋን ሳይ ስለነበር ፊቷ እንዲያ መክሳቱን አላወቅሁም ነበር።

«ሀሚዳ ዋሸች?»

«ዋሸች ስልሽ።»

«ማን ነበረ?»

«እማማ ወለተ ጊዮርጊስ። አምሳለም። አምሳለ ናት ‹ድንገት እንዶድን ምን አስጠላችሁ› ያለቻት። እማዬ ‹ዱቄቱ ስለሚሻል ነው› አለች። አይሻልም እኮ ዓሲዬ። ከዚያ ሳይጀመር ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ራሷም አፍራ ነው መሰለኝ።»

ዓሲያ ተነስታ ተቀመጠች። ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ውኃውን ላምጣ ስላት «ቆይ» አለች። ደግሜ ስጠይቃት «ቆይ አልኩሽ እኮ» አለች። ከዚያ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ ቆመች።

ግቢው ውስጥ ሦስቱም ሴቶች አሉ። እናቴ ሳፋውን እየደፋች ነው። ዓሲያን በሩ ላይ ስታያት ሳፋውን እንደያዘች ቀረች፤ ውኃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ተነሳሽ እንዴ?» አለች አምሳለ። «ወባው ለቀቀሽ? ምንድነው የያዝሽው?»

ዓሲያ ቋጠሮውን ሰው ሁሉ እያየ ፈታችው። እናቴ እንዶዱን ስታይ ከከንፈሯ ደም የሸሸው እኔን ልትገርፈኝ መስሎኝ ከዓሲያ ቀሚስ ጀርባ ተሸሸግሁ።

«እንዶድ ነው» አለች ዓሲያ። ድምጿ ሻክሯል። «ሀናን ደብቃው ነው፣ ልጅ አይደለች። እንቺ ሀሚዳ፣ ይሄንንም ጣዪው። ዱቄቱ ይሻላል። እኔንም እጄን እየላጠኝ ነበር።»

እናቴ ሻሹን ተቀበለች፤ ወዲያው ለእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሰጠቻቸውና ዓሲያን አቀፈቻት። አጥብቃ ነው ያቀፈቻት። እኔ በሳሙና ጉዳይ እንዲህ የሚተቃቀፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ዓሲያ ራሷ፣ የእንዶድ አለቃዋ፣ ወደ ዱቄቱ ወገን ስትገባ ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«ውሸት ነው» ብዬ ጮህኩ። «ዱቄቱ አይሻልም። እማዬ ጨርቁን ቅቤ ቀብታው ነው።»

አምሳለ ዓይኗ በራ። ወደ እናቴ ዞረች፣ ከዚያ ጨርቁን ወደያዙት ወደ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ።

«ቅቤ?» አሉ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጨርቁን ሳይገልጡ። «ቅቤ ቢሆን እኔ አላሸተውም ነበር? በዚህ ዕድሜዬ ቅቤ ከወጥ ዘይት መለየት አቃተኝ ልትዪ ነው አምሳለ? ሂጂ ልጄ፣ ተጫወቺ። ለአክስትሽ ምሳ ይቅረብላት።»

አምሳለ ዳኛ ስታስቀይም መታየት አልፈለገችም። ነጠላዋን አጣፋች፤ ወደ ቤቷም ስትሄድ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ የነገረችው የዱቄት ሳሙናን ድል ነው። አባቴ በዚያ ሳምንት ዱቄት አለቀበት።

እኔ ሁሉንም አኮረፍኳቸው። እናቴ፣ ዓሲያና እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሦስት ትልልቅ ሴቶች ፊቴ ቆመው፣ ቅቤውን እያወቁ፣ አንዷ ሌላዋን እየደገፈች ዋሹ። ለብዙ ዓመታት ስለ ትልልቅ ሰዎች ያለኝ አስተያየት ከዚያ ቀን የመጣ ነው። አሁን ሳስባቸው ግን እያንዳንዳቸውን እግራቸውን ብስም ደስ ይለኛል።

ከአምስት ወር በኋላ የዓሲያ ልጅ ሙኽታር ተወለደ። ከዚያ በፊት ብዙ ነገር ነበር፤ አባቴ ሲሰማ ሦስት ቀን ሱቅ አልከፈተም፣ እናቴም ሦስቱን ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ተከራከረችው። በመጨረሻ የሰላሕ አባት ልጁ የልጄ ነው ብለው መጡ። ሰላሕም ከየመን እስር ቤት ወጥቶ ሲደውል ኒካሑ በወኪል ታሰረ። የሙኽታርን የሕፃንነት ጨርቅ ሁሉ ያጠበችው እናቴ ናት፣ አባቴ ባለው ፈሳሽ። ሙኽታር ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።

እውነቱን የነገረችኝ ቀን ዓሲያን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ያን ሁሉ ቀን እናቴ ስትለምናት ያልበላች፣ እኔ ደግሞ በእጄ ያን ነገር ካመጣሁላት በኋላ፣ ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች።

«ዘጠኝ ቀን ግድግዳ ሳይ የማስበው ሀሚዳ ተጸየፈችኝ እያልኩ ነበር» አለችኝ። «እንዶዱን ስትለቅም እሰማታለሁ። ቤቷን ከእኔ እያጸዳች መሰለኝ። አንቺ መጥተሽ ዋሸች ስትዪኝ መጀመሪያ አላመንኩሽም። ሀሚዳ ለራሷ ብላ እንኳ አትዋሽም። ከዚያ ለማን ብላ እንደሆነ ገባኝ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ከዚያ ራበኝ።»